የጤፋችን ብረት ከየት መጣ? ናሙናን በአሲድ ስለማሟሟት

ጤፍ ውስጥ ስንት ብረት አለ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከጥናት ጥናት ከአስር እጥፍ በላይ ይራራቃል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 5 ሚሊግራም ገደማ ተገኘ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከ100 ሚሊግራም በላይ ተገኘ የሚልም አለ። ሁለቱም ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም መሣሪያው ያሳየውን በታማኝነት መዝግበው ሊሆን ይችላል። የዘሩና የመሬቱ ልዩነት ይህን ያህል ርቀት ብቻውን አያስረዳም። እህሉ መሣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የገጠመው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው፤ አውድማ ላይ ምን ተቀላቀለበት፣ ታጠበ ወይስ አልታጠበም፣ በምን ተፈጨ፣ በየትኛው አሲድና በስንት ዲግሪ ሟሟ።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል። አሲዱና ሙቀቱ ሳይጠቀሱ የቀረበ የብረት፣ የእርሳስ ወይም የክሮሚየም ቁጥር ግማሹ የተቆረጠ መረጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደምለው ላስረዳ።

ነገሩ ሰሜን ሸዋን በቀጥታ ይመለከታል። ምንጃር የጤፍ አገር ነው። ሞረትና ጅሩ በመረሬ አፈሩ ስንዴና ምስር ያመርታል፤ መንዝና የደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስ ያበቅላሉ። ከእነዚህ ቦታዎች አፈርና እህል ይዘው ለመመረቂያ ጥናታቸው ወደ ላቦራቶሪ የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ፤ ውጤቱን አንብበው ለገበሬው ምክር የሚሰጡ የግብርና ባለሙያዎችም አሉ። እጃቸው የሚገባው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ቁጥሩን ለመተርጎም ደግሞ ዱቄቱ ወይም አፈሩ እንዴት ፈሳሽ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ መጠኑን እንረዳው። እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች የሚለኩት በአንድ ኪሎግራም ውስጥ ባለ ሚሊግራም ነው። በኪሎግራም 1 ሚሊግራም ማለት በ10 ኩንታል እህል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። በጤፍ ውስጥ ያለው ዚንክ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም በኪሎግራም ስለሆነ፣ በ10 ኩንታል ጤፍ ውስጥ ያለው ዚንክ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ እፍኝ አይሞላም። ሴሌኒየም ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚለካው በማይክሮግራም ሲሆን በኪሎግራም 1 ማይክሮግራም ማለት በ10,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ኢትዮጵያንና ማላዊን ያካተተ ሰፊ ጥናት በእህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በብዙ እጥፍ እንደሚለያይ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ልዩነት በእርግጠኝነት ለመናገር ልኬቱ ራሱ የታመነ መሆን አለበት።

እነዚህን መጠኖች የሚለኩት መሣሪያዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። አንዱ ናሙናውን በእሳት ነበልባል ውስጥ አሳልፎ አቶሞቹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጡ ይለካል፤ ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዓለም ያስተዋወቀው በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ ነው። ሌላው በአርጎን ጋዝ የተሠራ እጅግ የጋለ ፕላዝማ ተጠቅሞ አቶሞቹ የሚረጩትን ብርሃን ያነባል። ሦስተኛው ከዚያው ፕላዝማ የሚወጡትን አቶሞች በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። በተለመደው አሠራር ሦስቱም የሚፈልጉት ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ስበው እንደ ጉም ይረጩታል። ዱቄት ቢገባበት ቱቦው ይደፈናል፤ ያልተቃጠለ ስታርችና ዘይት ቢቀር ደግሞ ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት እህሉ እህልነቱን፣ አፈሩም አፈርነቱን ማጣት አለበት። ይህን የሚሠራው አሲድ ነው።

ለእህል ዋናው ናይትሪክ አሲድ ነው። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። የእህሉን ስታርች፣ ፕሮቲንና ቅባት እያቃጠለ ወደ ጋዝና ውኃ ይለውጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በላቦራቶሪው የጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ሥራው ብረቶቹን በፈሳሹ ውስጥ አሟሙቶ መያዝ ነው። ናይትሪክ አሲድ ከብረቶች ጋር ሲዋሃድ የሚፈጥራቸው ጨዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በውኃ ይሟሟሉ። ሰልፈሪክ አሲድ ግን እርሳስን፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ብርን ወደ ዝቃጭነት ሊለውጡ ይችላሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ናይትሪኩን የሚያግዝ ጥቂት ሚሊሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨምራሉ፤ የቀረውን ቢጫ ቀለም ያጠራዋል። የተለመደው ልክ 0.5 ግራም ያህል ዱቄት፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር አሲድ፣ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ 50 ሚሊሊትር ማድረስ ነው።

በ0.5 ግራም ጤፍ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ፍሬ አለ። ብዙ ይመስላል፤ ግን ይህች ቁንጣሪ አንድ ኩንታልን፣ አንዳንዴም አንድ ቀበሌን ትወክላለች። ከጆንያው አናት ብቻ የተዘገነ ናሙና የቱንም ያህል ጥሩ አሲድ ቢፈስበት አናቱን ብቻ ይናገራል። ከተለያየ ቦታ ዘግኖ፣ ደባልቆ፣ በአራት ከፍሎ፣ እንደገና ደባልቆ ማሳነስ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ይህ የተዘለለበትን ሥራ ማንኛውም መሣሪያ ሊያድነው አይችልም።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ደጋው የራሱ ጉዳይ አለው። በናይትሪክ አሲድ ውስጥ ስታርች በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ፕሮቲን በ150 ገደማ፣ ቅባት ደግሞ በ160 ገደማ በፍጥነት መፈራረስ ይጀምራሉ። የተለመደው ከፍተኛ ክምችት ያለው ናይትሪክ አሲድ ግን በባሕር ጠለል ላይ በ120 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክፍት በሆነ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ከመፍያው በላይ አይሞቅም፤ ምድጃውን 300 ዲግሪ ብናደርገው አሲዱ ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ አይግልም። በክፍት ዕቃ የሚሠራው ማሟሟት ሰዓታት የሚወስደው፣ አንዳንዴም ዱቄቱ አሲድ ውስጥ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ኑግና ሰሊጥ ያሉ ቅባታም እህሎች ደግሞ ከሁሉም ያስቸግራሉ።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው፤ ጤፍም አሲድ ውስጥ እንዲሁ ነው። የናይትሪኩ መፍያም አብሮ ይወርዳል። በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባለ ላቦራቶሪ የተጻፈ መመሪያ «ሁለት ሰዓት አፍሉት» ሲል፣ ያ ሁለት ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ በዝቅተኛ ሙቀት የሚያልፍ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከዚህም የባሰ ግልጽ ምሳሌ አለ። አንዳንድ የታወቁ መመሪያዎች ናሙናው በ95 ዲግሪ እንዲሞቅ ያዝዛሉ። አንድ ተማሪ ይህን በውኃ ማሞቂያ ልሥራ ቢል ደብረ ብርሃን ላይ ውኃው 95 ዲግሪ ፈጽሞ አይደርስም፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን በጭንቅ ይደርሳል። መፍትሔው ውኃውን ትቶ የብረት ማሞቂያ መጠቀም፣ ቴርሞሜትሩን ማሞቂያው ላይ ሳይሆን ከናሙናዎቹ ጎን አሲድ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ማስቀመጥና የተነበበውን ሙቀት መመዝገብ ነው። ጊዜውንም መመሪያው ባለው ሳይሆን እዚያው ተፈትኖ በተገኘው ማራዘም ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ ሰው «በ95 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት» ብሎ ከመገልበጥ ይልቅ በትክክል የሠራውን ይጽፋል።

ከከፍታ ነጻ የሚያወጣን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ነው። ዕቃው ሲታሸግ ጋዙና እንፋሎቱ ግፊት ይፈጥራሉ፤ በግፊት ውስጥ ደግሞ አሲዱ ሳይተን 180 ወይም 200 ዲግሪ ይደርሳል። ዕቃው ከቴፍሎን ወይም ከመሰል ነገር ይሠራል፤ የሚሞቀውም በማይክሮዌቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አቡ ሳምራና ባልደረቦቹ ለቤት በተሠራ ማይክሮዌቭ ሕይወታዊ ናሙናዎችን በአሲድ ማሟሟት እንደሚቻል አሳዩ፤ ያኔ ዕቃዎቹ ክፍት ነበሩ። ዛሬ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ማይክሮዌቭ ግፊትና ሙቀት ይቆጣጠራል፤ የቤት ማይክሮዌቭን ለዚህ ሥራ መጠቀም ግን ለአደጋ መጋበዝ ነው፤ አሲዱ ዕቃውን ይበላል፣ የታሸገውም ይፈነዳል። በዘመናዊው መሣሪያ የሰዓታት ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል፤ አሲዱም ይቆጠባል፤ የሚተንኑ ንጥረ ነገሮችም አይጠፉም። ችግሩ ዋጋው ነው። ስለዚህ በብዙ የአገራችን ላቦራቶሪዎች ክፍት ብልቃጥ ገና ረጅም ዕድሜ አለው፤ በጥንቃቄ ከተሠራበትም ለዚንክ፣ ለመዳብና ለማንጋኒዝ ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

በነገራችን ላይ እህልን በጋለ አሲድ ማሟሟት ገብስና ቢራ ያሳደጉት ጥበብ ነው። ዮሃን ኬልዳል በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 እህልን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ ናይትሮጅኑን የሚለካበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ለብቅል የሚሆን የገብስ ፕሮቲንም እስካሁን በዚሁ ዘዴ ሊለካ ይችላል። የቢራ ፋብሪካዎች ባሉባት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለሚያድግ የኬሚስትሪ ተማሪ ይህ ቅርብ ታሪክ ነው።

አፈር ከእህል ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። እህል ይቃጠላል፤ አፈር ግን በአብዛኛው ድንጋይ ነው። የጅሩ መረሬም ሆነ የመንዝ አፈር የተወለደው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ ማዕድናቱ ሲሊኮንና ኦክሲጅን በጽኑ የተሳሰሩባቸው ሲሊኬቶች ናቸው። ናይትሪክ አሲድ እነዚህን አይፈታም። በማዕድኑ ገጽ ላይ የተጣበቀውን፣ በዝገት መልክ ያለውንና በበሰበሰ ዕፅዋት ውስጥ የተያዘውን ያወጣል፤ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረውን ይተዋል። ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ ከአንድ እጅ ናይትሪክ ጋር ሲቀላቀል የሚገኘው፣ ወርቅን ሳይቀር የሚያሟሟው ድብልቅ ከዚህ ይበረታል፤ ግን እሱም ሲሊኬቱን ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ ከብልቃጡ ሥር ነጣ ያለ አሸዋ ይቀራል። ሲሊኬትን የሚፈታው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለአፈርና ለደለል ያወጣውና ብዙዎች የሚከተሉት ዘዴ፣ ቁጥሩ 3050ቢ የሆነው፣ ለአብዛኞቹ ናሙናዎች ሙሉ በሙሉ የሚያሟሟ ዘዴ እንዳልሆነ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ዓላማው ወደ አካባቢው ሊወጣ የሚችለውን ብረታ ብረት ማግኘት ነው። ያው ድርጅት ሙሉ ማሟሟት ለሚፈልግ 3052 የተባለ፣ ሃይድሮፍሎሪክን የጨመረ ሌላ ዘዴ አለው። ስለዚህ ከበሬሳ ወንዝ ዳር የተወሰደ ደለል በመጀመሪያው ዘዴ ተሟሙቶ የተገኘው ክሮሚየም፣ በሁለተኛው ዘዴ ከተገኘ የሌላ ቦታ ክሮሚየም ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ «የዚህ ይበልጣል፣ የዚያ ያንሳል» ሊባል አይችልም። ክሮሚየም በተለይ ጽኑ በሆኑ ማዕድናት ውስጥ ስለሚቀመጥ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሁልጊዜ ጠንካራውን መምረጥ ይሻላል? አይሻልም። ጥያቄው ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ድንጋዩ ምን ይዟል የሚል የሥነ ምድር ሰው ሙሉውን ይፈልጋል። ከመንገድ ወይም ከፋብሪካ የመጣ ብክለት አለ ወይ የሚል ሰው ግን በማዕድኑ ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት የታሰረው አያስፈልገውም፤ ይልቁንም ያደናግረዋል። ገበሬው የሚፈልገው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በአፈር ውስጥ በጠቅላላ 100 ሚሊግራም ዚንክ በኪሎግራም ቢኖር፣ የስንዴው ሥር ሊያገኘው የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ካርታ ሲዘጋጅ አፈሩ በጋለ አሲድ አልተፈታም፤ ሜሊክ 3 በተባለ ቀለል ያለ ውህድ ተናውጦ ለተክል ቅርብ የሆነው ነው የተለካው። የካርታውን ቁጥር ይዞ በናይትሪክ ከተገኘ ጠቅላላ ቁጥር ጋር የሚያወዳድር ሰው የማይገናኙ ነገሮችን እያገናኘ ነው።

አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ካለበት አካባቢ የመጣ አፈር አሲድ ሲነካው ወዲያው ይንተከተካል፣ ከብልቃጡም ሊገነፍል ይችላል። ለእንዲህ ያለው አፈር አሲዱን በጠብታ ማስለመድ፣ መንተክተኩ እስኪቆም ክዳን አለመግጠም ያስፈልጋል። ወዲያው ታሽጎ ማይክሮዌቭ ውስጥ የገባ ዕቃ ግፊቱን ላይችለው ይችላል።

አሁን አፈሩንና እህሉን እናገናኝ፤ የጤፍ ብረት ምስጢር የሚፈታው በዚህ ነው። ጤፍ የሚወቃው መሬት ላይ፣ በእበት በተለቀለቀ አውድማ፣ በበሬ እግር ሥር ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ አለው፤ አቧራ ይይዛል፤ ከእሱ እኩል የደቀቀውን አፈር ደግሞ በወንፊት መለየት ያስቸግራል። ይህን በቁጥር እንየው። የጤፉ የራሱ ብረት 50 ሚሊግራም በኪሎግራም ነው እንበል። በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ 1 ግራም አፈር ብቻ ቢቀር፣ አፈሩም 5 ከመቶ ብረት ቢኖረው፣ ያ 1 ግራም አፈር 50 ሚሊግራም ብረት ያመጣል። የጤፉ ብረት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አሥር ግራም አፈር ቢሆን አሥራ አንድ እጥፍ ይሆናል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተወለደ አፈር 5 ከመቶ ብረት የተጋነነ አይደለም።

ለዚንክ ያንኑ ስሌት እንሥራ። አፈሩ 100 ሚሊግራም ዚንክ በኪሎግራም ቢይዝ፣ 1 ግራም አፈር የሚጨምረው 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ የጤፉ ዚንክ 25 ከነበረ 25.1 ሆነ። አውድማው ብረቱን አዛብቶ ዚንኩን አልነካም። በአንድ ጥናት ውስጥ ዚንኩ የተለመደ ሆኖ ብረቱ ብቻ ሰማይ ከነካ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ አፈር መሆን አለበት። አሉሚኒየምና ታይታኒየም አብረው ቢለኩ ጥርጣሬው ይጠራል፤ ሁለቱም በአፈር ውስጥ ብዙ፣ በንጹሕ የእህል ፍሬ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። እዚህም አሲዱ ጣልቃ ይገባል። አሉሚኒየም ቢያንስ በከፊል በናይትሪክ ይወጣል፤ ታይታኒየም ግን ብዙው ጽኑ በሆኑ ማዕድናት ውስጥ ስላለ ያለ ሃይድሮፍሎሪክ ከሥር ይቀራል። በናይትሪክ ብቻ አሟሙቶ «ታይታኒየም አላገኘሁም፤ ስለዚህ አፈር የለበትም» ማለት ትክክል አይሆንም። ጤፉ ውስጥ የገባው አፈር ብረትም እንዲሁ ከፊሉ ይሟሟል፣ ከፊሉ ይቀራል፤ ስንት እንደሚሟሟ የሚወስኑት አሲዱና ሙቀቱ ናቸው። ስለዚህ ያው የምንጃር ጤፍ በአንዱ ላቦራቶሪ አንድ ቁጥር፣ በሌላው ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱም ሳይዋሹ።

ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለነፍሰ ጡር እናት «ጤፍ ብረት አለው፣ ይበቃሻል» ተብሎ ሲነገር ምክሩ የቆመው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። በማዕድን ውስጥ የታሰረ የአፈር ብረት ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ጥቂት ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የተባለው ውህድ አስሮ ይይዘዋል። በአሲድ የሚገኘው ጠቅላላ ብረት እናቲቱ ምን ያህሉን እንደምታገኝ አይናገርም። የተጋነነውን ቁጥር ይዞ ምክር መስጠት የሰው ጤና ላይ መፍረድ ነውና ይህን ቀለል አድርጌ ማየት አልችልም።

በአሲድ ፈንታ እሳት የሚመርጡ አሉ። ዱቄቱን ከ450 እስከ 550 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ አመድ ማድረግና አመዱን በጥቂት አሲድ ማሟሟት ርካሽ ነው፤ ለብረትና ለካልሲየም በአግባቡ ይሠራል። ነገር ግን ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ስለሚፈላ ከምድጃው ተንኖ ይሄዳል፤ ሴሌኒየምና አርሴኒክም ይጠፋሉ፤ እርሳስና ካድሚየም በከፊል ሊያመልጡ ይችላሉ። በአመድ ዘዴ ተሠርቶ «ሜርኩሪ አልተገኘም» የሚል ውጤት ባዶ ወረቀት ነው።

ከሚጠፋው በተቃራኒ ከውጭ የሚገባም አለ። የብረት ወፍጮ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ይጨምራል፤ የድንጋይ ወፍጮ የራሱን ድንጋይ። የቧንቧ ውኃ ዚንክና መዳብ ያመጣል። ርካሽ አሲድ ራሱ ብረትና እርሳስ አለበት። ይህን የሚያጋልጠው ባዶ ናሙና ነው፤ እህል ሳይገባበት ያው አሲድ፣ ያው ብልቃጥ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ውኃ። በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ ሁለት ሦስት ባዶ መኖር አለበት። ዘዴው ሊለይ የሚችለው ትንሹ መጠን የሚሰላውም ከእነዚህ ባዶዎች መለዋወጥ ነው፤ በተለመደው አሠራር የመለዋወጡ ልክ በሦስት ይባዛል። ብልቃጦቹ በ10 ከመቶ ናይትሪክ ውስጥ አድረው በንጹሕ ውኃ መታጠባቸው የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው።

አሲዱ በመሣሪያው ውስጥም ተከትሎን ይገባል። አቶሞችን በክብደት የሚቆጥረው መሣሪያ አርሴኒክን የሚያውቀው በ75 ነው። ፕላዝማው አርጎን ነው፣ ክብደቱ 40፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ያለው ክሎሪን በአብዛኛው 35 ነው። ሁለቱ ሲጣበቁ 75 ይሆናሉ። መሣሪያው ልዩ ማጣሪያ ከሌለው ያልነበረ አርሴኒክ «አገኘሁ» ይላል። አርሴኒክ ለሚፈልግ ሰው ከክሎሪን መሸሽ ወይም ይህን መጋጨት የሚያስወግደውን የመሣሪያውን ክፍል መጠቀም ግድ ነው።

ሥራው ትክክል መሆኑን የሚመሰክረው ይዘቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ ናሙና ነው። ለእህል የተለመደው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃና ቴክኖሎጂ ተቋም የሚሸጠው የሩዝ ዱቄት ሲሆን፣ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይመጣል። ዚንኩ በኪሎግራም ወደ 19 ሚሊግራም ነው፤ የእኛ አሠራርም ወደዚያ መድረስ አለበት። ይሁን እንጂ ያ የሩዝ ዱቄት ከአፈር የጸዳ ነው። በእሱ ጥሩ ውጤት ያገኘ ዘዴ አውድማ ላይ ለተወቃ ጤፍ ብረት ዋስትና አይሆንም። ለዚያ ከእህሉ ጎን የተረጋገጠ የአፈር ናሙናም አብሮ መሟሟት አለበት ብዬ እመክራለሁ። የተረጋገጠ ናሙና መግዛት ያልቻለ ላቦራቶሪ የታወቀ መጠን ናሙናው ላይ ጨምሮ ከ80 እስከ 120 ከመቶው መመለሱን ይፈትሻል፤ ግን በፈሳሽ መልክ የተጨመረ ብረት ምንጊዜም ሟሟ ስለሆነ ይህ ፈተና ጠፍቶ የቀረን እንጂ ሳይሟሟ የቀረን አያሳይም።

ስለ አደጋው በቀጥታ ልናገር። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከሌሎቹ ይለያል። ቆዳን አልፎ ይገባል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም አስሮ ልብን ሊያቆም ይችላል። መስታወት ይበላልና በመስታወት ብልቃጥ አይያዝም፤ ትርፉ በቦሪክ አሲድ ካልታሰረም የመሣሪያውን የመስታወት ክፍሎች ይበላል። የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በእጅ አጠገብ የሌለበት፣ የቴፍሎን ዕቃና በትክክል የሚስብ የጭስ መሳቢያ የሌለው ላቦራቶሪ የዚህን አሲድ ጠርሙስ መክፈት የለበትም። ለመመረቂያ የሚሆን ቁጥር የአንድ ተማሪን ሕይወት አያክልም። ፐርክሎሪክ አሲድም እንዲሁ ነው፤ ሲግል ከቅባትና ከስታርች ጋር ይፈነዳል፤ እንፋሎቱ በተራ የጭስ መሳቢያ ቱቦ ውስጥ ተከማችቶ ከዓመታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በሎስ አንጀለስ ብረት በሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ፐርክሎሪክ አሲድ ያለበት ገንዳ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞተዋል። ብዙ የቆዩ የእህል መመሪያዎች ናይትሪክና ፐርክሎሪክን አብረው ያዝዛሉ፤ ናይትሪክና ፐርኦክሳይድ ለእህል የሚበቁ ሆነው ሳለ ይህን መከተል አስፈላጊ አይመስለኝም።

ውጤቱን ለሚቀበል ሰው አንድ ስሌት ላሳይ። መሣሪያው ከ0.5 ግራም ጤፍ በተሠራ 50 ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ 0.25 ሚሊግራም ዚንክ በሊትር አነበበ እንበል፤ ባዶው 0.01 ነው። 0.24 ሲቀር በ50 ተባዝቶ ለ0.5 ሲካፈል 24 ሚሊግራም በኪሎግራም ይሆናል። ጤፉ 10 ከመቶ እርጥበት ካለውና በደረቅ ክብደት ይገለጽ ከተባለ 26.7 ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደተጻፈ ካልተገለጸ የመንዝን ገብስ ከምንጃር ጤፍ ማወዳደር አይቻልም።

ስለዚህ ናሙና ልካችሁ ሠንጠረዥ ሲመጣላችሁ፣ ከቁጥሩ ጎን የአሲዱ ስምና መጠን፣ የደረሰበት ሙቀትና ጊዜ፣ ዕቃው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ፣ የባዶዎቹ ንባብ፣ የተረጋገጠው ናሙና ውጤትና ከብልቃጡ ሥር ዝቃጭ መቅረት አለመቅረቱ ይጻፍላችሁ ዘንድ ጠይቁ። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ያልቃል። ከዱቄቱም ሃምሳ ግራም ያህል በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ፣ የተወሰደበትን ቀበሌና ቀን ጽፋችሁ አስቀሩ፤ ብረቱ ያልተጠበቀ ሆኖ ከተገኘ ከፊሉን አጥቦ፣ ከፊሉን ሳያጥቡ በአንድ ቀን፣ በአንድ አሲድ እንደገና ማስለካት ይቻላል።